ፔሮሉ ስንት ቦታ አለ?

የአንድ መካከለኛ ድርጅት የወር ፔሮል በኤክሴል ሲከፈት ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መነሻ ደመወዝ፣ የትራንስፖርት አበል፣ የገቢ ግብር፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ የተጣራ ተከፋይ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። ከተጣራው በፊት ግን «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» የምትባል ጠባብ ዓምድ አለች። እሷን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ብዙ ያውቃል። ማን በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የልጅ ቀለብ እንደሚቆረጥበት፣ ማን የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራቱን ገና እየከፈለ እንደሆነ፣ ማን ከድርጅቱ እንደተበደረ፣ ማን የሠራተኛ ማኅበር አባል እንደሆነ በብርና በሳንቲም ተጽፏል። የአርባ ሰው ገመና በአንድ ገጽ ማለት ነው።

ይህ ገጽ በየወሩ መንገድ ይወጣል። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ቋሚ የሂሳብ ሠራተኛ የላቸውም፤ ከውጭ ሆኖ መዝገባቸውን የሚይዝላቸውን ባለሙያ በወር ክፍያ ያሠራሉ። ወሩ ሲያልቅ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ጋሼ፣ ፔሮሉን ጨርሻለሁ። አይተው ያጽድቁልኝ።»

«የት ላክሽው ልጄ?»

«ቴሌግራም ላይ ጥዬልዎታለሁ።»

«ጎበዝ። የባንኩን ደብዳቤ እንድታዘጋጅ ለጸሐፊዋ ፎርዋርድ አደርግላታለሁ።»

እስኪ ፋይሉን እንከተለው። አንዱ ቅጂ የባለሙያዋ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሁለተኛው የቴሌግራም ሰርቨር ላይ፣ ሦስተኛው የባለቤቱ ስልክ ውስጥ። በእሳቸው አካውንት የተከፈተ፣ ልጆች ፊልም የሚያዩበት ታብሌት ቤት ካለ አራተኛው እዚያ ነው። አምስተኛው ጸሐፊዋ ጋ ደርሷል። የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ጨርሶ ስለነበር ታች ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት ልካ አሳተመችው፤ ስድስተኛው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ከሰው ሲቪ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍና ከሠርግ ጥሪ ጋር ተኝቷል። ማንም ምንም አልሰረቀም፤ ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው። ነገር ግን «ፔሮሉ ስንት ቦታ አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ ሰው የለም።

የሂሳብ ባለሙያና ደንበኛ ሚስጥራዊ ሰነድ በጥንቃቄ መለዋወጣቸው በአመዛኙ ቅጂ መቁጠር ነው ብዬ አምናለሁ። «የመረጃ ደኅንነት» ሲባል ብዙ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ኪቦርድ የሚቀጠቅጥ ሃከር ይመጣበታል። ሃከር የለም ማለት አይደለም። ሆኖም የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ስለሚቀርቡለት የዳታ መፍሰስ ሪፖርቶች በየጊዜው በሚያወጣው መረጃ፣ ከሳይበር ጥቃት ውጭ ካሉት አደጋዎች መካከል ሳይሰለች በግንባር ቀደምነት የሚቀመጠው ኢሜይልን ላልታሰበ ሰው መላክ ነው። ሁለት ፊደል ሲጻፍ ኢሜይሉ ስሙን ራሱ ይሞላል፤ ጣት «ላክ» የምትለውን ይነካል፤ አለቀ።

በዚያው አገር የደረሰ አንድ አደጋ ለሂሳብ ሰዎች በተለይ የሚነገር ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የኤክሴል ነበር። በኦገስት 2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በየማዕረጉ ስንት ሠራተኛ እንዳለው በመረጃ ነጻነት ሕግ ጠየቀ። ፖሊስ ቁጥሩን የያዘ ኤክሴል አዘጋጅቶ መልስ ሰጠ፤ መልሱም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ፋይሉ ውስጥ ግን ቁጥሮቹ የተቀመሩበት ዋናው ዝርዝር ተደብቆ ተቀምጦ ነበር፤ የ9,483 መኮንኖችና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የስም መነሻ ፊደል፣ ማዕረግ፣ የሥራ ቦታ። የፖሊስ መኪና ሥር ቦምብ ሲጠመድ በኖረበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ወረደ፤ ወረደ ማለት ግን ተመለሰ ማለት አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኮሚሽነሩ 750,000 ፓውንድ ቀጣ።

ይህ በእኛ ቢሮዎች በየሳምንቱ የሚሠራ ስህተት ነው፤ የሚያነሳው ሰው ስላልተገኘ ብቻ ነው ያልተሰማው። ዓምድ «ሃይድ» ማድረግ መሰረዝ አይደለም፤ ተቀባዩ በሁለት ክሊክ ይገልጠዋል። ፒቮት ቴብልም እንደዚያው ነው። «ማጠቃለያውን ብቻ ነው የላክሁት» የሚል ባለሙያ ማጠቃለያው የተሠራበትን ጥሬ ዳታ ፋይሉ ውስጥ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ድምር ላይ ሁለቴ ሲጫኑ ዝርዝሩ ብቅ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለሚነበብ ነገር ፒዲኤፍ፣ ኤክሴል የግድ ከሆነ ደግሞ አዲስ ባዶ ፋይል ከፍቶ የሚፈለጉትን ቁጥሮች ብቻ መገልበጥ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ከቴክኖሎጂው ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው። ለማን ምን ያስፈልጋል? ባንኩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ ነው የሚፈልገው። ገቢዎች የመለያ ቁጥሩን፣ ግብር የሚከፈልበትን ገቢና ግብሩን ይፈልጋል። ጡረታ መዋጮውን። የሚያጸድቁት ባለቤት ድምሩንና ካለፈው ወር የተለወጠውን ነገር ካዩ ይበቃቸዋል። ያቺ የተቀናሽ ዓምድ ከነዝርዝሯ ወደ ባንክ የምትሄድበት ምክንያት የለም፤ ፎቶ ኮፒ ቤትማ ምን ልትሠራ! ሆኖም አንዱን ፋይል ለሁሉም መጣል ስለሚቀል ሙሉው ይዞራል።

ይህ ልማድ አሁን የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የሂሳብ ባለሙያን በስም አይጠራም፤ መጥራትም አያስፈልገውም። የሰው ዳታ ለታወቀ ዓላማ ብቻ ይሰብሰብ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው አይብለጥ፣ ከሚገባው ጊዜ በላይ አይቀመጥ፣ ደኅንነቱ ይጠበቅ ይላል። ዳታው ለምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ የውጭው ባለሙያ በድርጅቱ ስም ይሠራበታል፤ ሕጉ ሁለቱንም ያነጋግራል። ስለዚህ «እኔ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ሰጥቻለሁ» ማለት ባለቤቱን አያድንም፣ «እሳቸው በቴሌግራም ላኪልኝ ብለውኝ ነው» ማለትም ባለሙያዋን አያድናትም። ዳታ ሲፈስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ዳታ ከአገር ሲወጣም የራሱ ሁኔታዎች አሉት፤ ፋይሉን ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ሁሉ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

የ72 ሰዓቱ ገደብ ለአውሮፓ ኅብረት ደንብ አዲስ አይደለም። ከሜይ 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ጂዲፒአር ያንኑ 72 ሰዓት ይዟል፤ ቅጣቱም እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ሊደርስ ይችላል። በደንቡ ውስጥ የሂሳብ ሰው ሊያስታውሳት የሚገባ አንዲት ነጥብ አለች። የጠፋው ፋይል ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ ቁልፉ ለማንም እንዳይነበብ ተደርጎ ከነበረ፣ ባለዳታዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ «መረጃችሁ ወጥቷል» የማለት ግዴታ ይቀራል። ታክሲ ውስጥ የተረሳ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ተመስጥሮ ከሆነ የጠፋው ዕቃ ነው፤ ካልሆነ የጠፋው የደንበኞች ሁሉ መዝገብ ነው። ፒችትሪ ከተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ሙሉ ባክአፕ ጋር በኪስ የሚዞር ፍላሽም እንዲሁ።

ወደ ቴሌግራም እንመለስ፤ በስሙ አንድ የተሳሳተ እምነት ሥር ሰዷልና። በቴሌግራም የሚላክ ነገር ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም ይባላል። እንዲህ የሚሠራው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው። ሁላችንም የምንጠቀምበት ተራው ቻት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ስልክ ቀይረን ስንገባ የአምስት ዓመት ፋይል ቁልጭ ብሎ የሚመጣልን ለዚህ ነው። «በስህተት አንተ ስልክ ላይ ኮድ ተልኮብኛል፣ እባክህ ንገረኝ» ብሎ የመግቢያ ኮዱን የወሰደ አታላይም የሚያገኘው ነገ የሚላከውን ብቻ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የተላከውን ፔሮል በሙሉ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ማብራትና ሁለተኛ የይለፍ ቃል መጨመር ብዙ ደቂቃ አይፈጅም፤ ኮዱ ቢወሰድ እንኳ በሩ አይከፈትም። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፤ የደረሰው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ ጋለሪ ውስጥ ገብቶ ከልደት ፎቶ ጋር ወደ ጎግል ፎቶስ ይወጣል።

ታዲያ ቴሌግራምን ጣሉ ማለቴ አይደለም። ደንበኛው የሚያውቀው እሱን ብቻ ከሆነ ፋይሉን ራሱን ቆልፎ መላክ ይቻላል። ኤክሴል ላይ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ፕሮቴክት ወርክቡክ»፣ ከዚያ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» የሚለው ነው ትክክለኛው። ከጎኑ ያለው «ፕሮቴክት ሺት» መቆለፊያ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሰው በስህተት ፎርሙላ እንዳያጠፋ የተሠራ ነው፣ ይዘቱን አይመሰጥርም። ብዙ ፋይል ሲሆን ነጻ በሆነው ሰቨን ዚፕ አንድ ላይ ጠቅልሎ «ኤኢኤስ 256» የሚለውን መርጦ መቆለፍ ይበቃል። ጥንቃቄ፦ ፓስወርዱ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም አያስመልሰውም።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጥፋት የታወቀ ነው። የተቆለፈው ፋይል ይላካል፣ እዚያው ሥር «ፓስወርዱ የድርጅቱ ስም 123 ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁልፉን ሳጥኑ ላይ አስሮ መላክ ነው። ቻቱን ያየ ሁለቱንም ያያል። ፓስወርዱ በሌላ መንገድ ይሂድ፤ ደውሎ በቃል መንገር ከሁሉም ይሻላል። ሥራው ሲጀመር በአካል ተገናኝተው የሚስማሙበት ረዘም ያለ ሐረግ ቢኖርም ጥሩ ነው፤ ብቻ የድርጅቱ ስልክ ቁጥርና የባለቤቱ የልደት ዓመት አይሁን።

ከመላክ የሚሻለው ግን አለመላክ ነው። ፋይሉ አንድ ቦታ ይቀመጥና ሰው ወደ ፋይሉ ይምጣ። በጎግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፎልደር ከፍቶ በኢሜይል አድራሻቸው ለይቶ መፍቀድ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ምርጫ ሁሉን ያበላሻል፦ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው። እሱ ከተመረጠ ሊንኩ ፎርዋርድ በተደረገ ቁጥር በሩ ይሰፋል። «የተፈቀደለት ብቻ» ከተባለ ግን ባለሙያዋ ማን መግባት እንደሚችል ስም በስም ታያለች፤ ጸሐፊዋ ሥራ ስትለቅ ስሟን ታወጣለች። በውጭ አገር ትልልቅ የሂሳብ ቢሮዎች ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ የደንበኞች ፖርታል አላቸው፤ ደንበኛው ይገባል፣ ሰነዱን ያያል፣ ይፈርማል፣ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል።

ፖርታል ግን ፈውስ አይደለም፤ ትልልቆቹም ይደፈራሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ከዓለም አራት ታላላቅ የሂሳብ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ዴሎይት የኢሜይል ሥርዓቱ እንደተደፈረ ዘገበ፤ ድርጅቱም ጥቃቱን አመነ፣ የተነኩት ደንበኞች ግን በጣም ጥቂት ናቸው አለ። በዘገባው መሠረት አጥቂዎቹ የገቡት በአንድ የአስተዳዳሪ አካውንት ሲሆን አካውንቱ ከአንድ ፓስወርድ በቀር ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ደንበኞቹን ስለ ሳይበር ደኅንነት የሚያማክር ድርጅት ነው እንግዲህ። በሜይ 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዎልተርስ ክሉዌር በተባለው ኩባንያ ላይ የደረሰ የማልዌር ጥቃት ብዙ የአሜሪካ ሂሳብ ሠራተኞች የሚሠሩበትን ሥርዓት ለቀናት ዘግቶባቸው ነበር።

አንዳንዴም ሌባው ምንም አይሰብርም፤ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። በፌብሩዋሪ 2016 እ.ኤ.አ. የስናፕቻት የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ከዋና ሥራ አስኪያጁ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው፤ የሠራተኞችን የደመወዝ መረጃ ይጠይቃል። ሠራተኛው ላከ፤ ኩባንያው ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ጉዳዩን ይፋ አደረገ። ይህ ማታለያ እኛ ጋ ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል፤ አለቃ ጠይቆ «ቆይ ላረጋግጥ» ማለት እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቢሮ ብዙ ነውና። ስለዚህ ባለቤቱ አስቀድመው «ልጄ፣ በእኔ ስም ፔሮል ወይም የባንክ ቁጥር ለውጥ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ በምታውቂው ስልኬ ሳትደውዪ እንዳትልኪ፤ አልቆጣም» ቢሉ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚኖር አንባቢ ጉዳዩ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 የሚመጣ ነው። ታክስ የሚሠራለት ሀበሻ ወንድም ይደውላል፤ «የደብሊው ቱህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የልጆቹንም ሶሻል» ይላል፤ ደብሊው ቱ አሠሪው የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ቅጽ ነው። በአንድ ቻት ውስጥ የባልና ሚስት ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የልጆች ስምና ቁጥር፣ ገቢ፣ አድራሻ፣ ተመላሹ የሚገባበት የባንክ ቁጥር ተሰበሰበ። ይህን ያገኘ ሌባ ባንክ መዝረፍ አያስፈልገውም፤ ቀድሞ በእነሱ ስም የሐሰት የታክስ ማስታወቂያ ያስገባና ተመላሹን ይወስዳል። እውነተኛው ቤተሰብ ፋይል ሲያደርግ «በዚህ ቁጥር አስቀድሞ ቀርቧል» ተብሎ ይመለሳል። የልጅ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ልጁ አድጎ ብድር እስኪጠይቅ ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል።

ሕጉ እዚያ የጠበቀ ነው። ታክስ ሠሪዎች በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የጥበቃ ደንብ ሥር ይወድቃሉ፤ ከጁን 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው ደንብ የደንበኛ መረጃ እንዲመሰጠርና መግቢያው ከአንድ በላይ ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። በጽሑፍ የተዘጋጀ የደኅንነት ዕቅድ የግድ ነው፤ ለአንድ ሰው ቢሮ የሚሆን ናሙና የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ በሕትመት ቁጥር 5708 አውጥቷል። በታክስ ሕጉ አንቀጽ 7216 መሠረት የደንበኛን የታክስ መረጃ እያወቀ ወይም በግዴለሽነት ላልተፈቀደለት የሰጠ ታክስ ሠሪ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል። አዲስ አበባ ላለ ረዳት ሥራ ለማካፈል የሚያስብም ሰው ይወቅ፦ የደንበኛው ፈቃድ ቀድሞ በጽሑፍ መገኘት አለበት፤ የሶሻል ቁጥሩም በደንቡ የተገለጸው በቂ ጥበቃ ከሌለ ተሸፍኖ ነው የሚላከው። ደንበኛው በበኩሉ ከአይአርኤስ ባለ ስድስት አኃዝ የማንነት መከላከያ ቁጥር መጠየቅ ይችላል። በየዓመቱ ይለወጣል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ ለቻለ ሁሉ ክፍት ነው። በነጻ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ስሙን የሰማ ሰው ማነሱ ይገርማል።

ፖርታል መግባት የማይችሉ ደንበኛስ? እናት ናቸው እንበል፤ ቤት ያከራያሉ፣ ስልካቸው የሚደውልና የሚመልስ ብቻ ነው። ለእሳቸው ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ከእጃቸው ማስረከብ ዛሬም ንጹሕ መንገድ ነው። ቅጂው አንድ ነው፤ የት እንዳለም ይታወቃል። ስለ ዲጂታል ጥበቃ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ለመናገር ለምን እንደሚያፍሩ አይገባኝም።

የሚረሳው ነገር መለያየት ነው። ባለሙያና ደንበኛ ሲጣሉም ሆነ በሰላም ሲሸኛኙ ስለ ቀሪ ክፍያ እንጂ ስለ ፋይል አይነጋገሩም። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ሚስጥር መጠበቅ ከአምስቱ መሠረታዊ መርሆች አንዱ ሲሆን፣ ግዴታው ሥራው ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። ንግድና ታክስ ሕጎች ለዓመታት እንዲቀመጥ ያዘዙት ሰነድ ይቀመጣል፤ ያ በመጀመሪያ የደንበኛው ግዴታ ስለሆነ ዋናው ይመለስለታል። ባለሙያዋ የሠራችበትን የራሷን ማስረጃ ትይዛለች። የቀረው፣ የመታወቂያ ፎቶው፣ የባለአክሲዮኖቹ ፓስፖርት፣ የቻቱ ውስጥ ኤክሴሎች፣ ይሰረዛል፤ ቴሌግራም ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ይፈቅዳል። ደንበኛውም ባለሙያዋን ከድራይቭ ፎልደሩ ያወጣል፤ ሥራው ሲጀመር «አንቺው ግቢና ሙዪልኝ» ብሎ የሰጣትን የኢ-ታክስ ፓስወርድም በዚያው ቀን ይቀይራል።